የእህቴ ኮምፒውተርና የእኔ ዓይን

አንባቢዎቼ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉው ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ክፉ ፍለጋ እንዳትደክሙ።

ደመላሽ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቄን ስከፍት በዚያ ሰፈር ብቻዬን ነበርኩ። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሁሉ፣ ከጉንደ ወይን ድረስ በሚኒባስ ጭኖ የሚመጣው ሳይቀር፣ «ደመላሽ ይየው» ይል ነበር። ይቺን «ደመላሽ ይየው» የምትል ቃል ለዓመታት እንደ ቁርስ በላኋት። ሰው የለመደው ቁርስ ሲቀርበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ሙሉቀን ከደብረ ኤልያስ የመጣ ነው። ቴክኒክ ኮሌጅ አብረን ተምረናል። የመበየጃውን አያያዝ እጁን ይዤ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልናገር ቀርቼ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የምርቃቱ ዕለት ዳቦውን የቆረስኩለት እኔ ነበርኩ፤ «እሰይ፣ ጎረቤት ሆንን» ብዬ አቅፌዋለሁ። በስድስት ወሩ ሰው እኔ ደጅ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ማየት ጀመረ። በዓመቱ ቆሞ ማየቱንም ተወና በቀጥታ ወደዚያ ይሻገር ጀመር። እኔም ሥራዬን ትቼ የእሱን በር መጠበቅ ያዝኩ። ስንት ሰው ገባ፣ ምን ይዞ ገባ፣ ሲወጣ ፊቱ ፈክቷል ወይስ ጠቁሯል። ፊቱ ጠቁሮ የወጣ ካለ ያን ቀን ምሳዬ ይጣፍጠኝ ነበር። አዎ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሰብለ ታናሽ እህቴ ናት፤ ከእናታችን ጋር ትኖራለች። ጸሐፊ ሆና ትሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ለቅቃ፣ ቤት ቁጭ ብላ የሠርግ ፎቶ ማሳመር ጀመረች። እጇ ጥሩ ነው፣ ሰዉም ወደዳት። ባለፈው ጥር ደግሞ ባሕር ዳር ያለ አንድ ትልቅ ፎቶ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ እንድታቀናብር ሰጣት። ለሙከራ መሆኑ ነው። ሠርጉ የተደረገው እዚሁ ማርቆስ ነበር፤ ቪዲዮው በሚቀጥለው እሑድ በቅልቅሉ ላይ፣ ሁለቱ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እያለ፣ በትልቅ ስክሪን ይታያል። ካማረ የወቅቱ ሥራ ሁሉ ለእሷ ይሆናል። ካልደረሰ ግን፣ ያ ሁሉ እንግዳ ባዶ ስክሪን ላይ ካፈጠጠ፣ በማርቆስ ሰብለን ለሠርግ የሚጠራት አይኖርም። የለቀቀችው ወንበርም ተይዟል።

ረቡዕ ጠዋት ደወለችልኝ። ስክሪኑ ቀይና አረንጓዴ መስመር አወጣና ጥቁር አለ አለችኝ። 

ስደርስ እናቴ በሩን ከፈተችልኝና «ቆይ ላመቻችልህ» ብላ ከእኔ ቀድማ ወደ ክፍሉ ገባች። ተከትያት ስገባ አንድ ዳንቴል አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። እናቴ ከትምህርት ቤት ሥራዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እጇ አያርፍም፤ ቴሌቪዥኑ በሉ፣ ፍሪጁ በሉ፣ የእሷን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ በቤቱ የለም። እኔም ዳንቴሉን መሬት ላይ ዘርግቼ የብሎን መፍቻዎቼን ደረደርኩበት። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ አየሁ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የታመመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው፣ የቪዲዮውንም ጫና የሚሸከመው እሱ ነው፤ ሲከብደው መስመር መስመር ያሳያል፣ ሲብስበት ጥቁር ይላል። ሰብለን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቃት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ሱቄ ወሰድኩት። የእኔ አሠራር እንዲህ ነበር። ሰው ይዋሻል፣ ማሽን አይዋሽም እል ነበር። ደንበኛ ወሬ ሲጀምርልኝ «ዕቃውን ተወውና ሂድ» ነው የምለው።

ካርዱን ፈትቼ አቧራውን ነፋሁለት፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት ደርቆ አገኘሁትና ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ከዚያ ከባድ ቪዲዮ ጭኜበት ሦስት ሰዓት ሙሉ አሠራሁት። ንቅንቅ አላለም። ከሰዓት በኋላ መልሼ ወሰድኩላት፤ እህቴ ጉንጬን ሳመችኝ፣ እናቴ መረቀችኝ። በሱቄ በኩል ሳልፍ ሆን ብዬ ወደ ማዶ ጮክ ብዬ አፏጨሁ።

ሐሙስ ጠዋት ደወለች። እንደገና ጠፋ።

ሄድኩ። እናቴ እንደ ረቡዕ ቀድማኝ ገባች፤ ዳንቴሉ ወንበሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ወሰድኩ። ችግሩ የመብራቱ መዋዠቅ ይሆናል ብዬ መብራት የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፤ ካርዱን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ሱቄ ውስጥ አሁንም ሰዓታት ሠራ። መለስኩት። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሰብለ ሬንደር አስጀምራ፣ ማለትም የቆራረጠችውን ቪዲዮ አንድ አድርጎ እንዲያወጣ አዝዛው፣ ምሳ ልትሠራ ወጣች። ስትመለስ ማሽኑ ጥቁር ብሎ ጠበቃት።

እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ጋ ይሠራል፣ እነሱ ጋ ይሞታል። ዓርብም ሄድኩ። መፍቻዬን ዳንቴሉ ላይ ወርውሬ፣ «ካርዱ ሞቷል፤ ሌላ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው» አልኩ።

«እስከ እሑድ ይደርሳል?» አለች ሰብለ።

አይደርስም አልኳት። እናቴ ወገቧን ይዛ ቆመች። ሰብለ፣ «ጋሼ፣ እንዳትቆጣ። ሙሉቀን አንድ ጊዜ ቢያየውስ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሌላው ሰው ይሻገር፤ የእናቴ ልጅ፣ ያዘልኳት እህቴ፣ እሷም ወደ ማዶ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን፣ «ከፈለግሽ ጥሪው። እኔ ሞቷል ያልኩትን ማንም አያስነሳውም» ብዬ መፍቻዎቼን እንኳ ሳልሰበስብ ወጣሁ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፣ ለእኛም ዋናው የሥራ ቀን። ሱቄን ስከፍት የሙሉቀን በር ተቆልፏል። የት እንደሄደ አውቄአለሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ እኔ ግን ቁልፉን ነው የማየው። በሦስት ሰዓት ተቆልፏል። በአምስት ሰዓት ተቆልፏል። አቅቶት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይመለስ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የራሴ እህት ካርድ ሞቶ እንዲገኝ ጸለይኩ። ሰብለ ምን ትሆናለች የሚለው ሐሳብ ከሩቅ መጣና ሄደ፤ የቆየው «ሙሉቀን እንዳይሳካለት» የሚለው ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን መቀመጥ አቃተኝ። መፍቻዎቼን ላምጣ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጥቼ ሄድኩ።

ከግቢው በር ሳቅ ሰማሁ። ስገባ ሙሉቀን በእኔ ቦታ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ምሳ ይበላል። እናቴ አጉርሳው እጇ ገና አልተመለሰም። ሰብለ ፊቷ በርቶ፣ «ጋሼ፣ ተነሳ እኮ! ሁለት ሰዓት ሙሉ እየሠራ ነው!» አለችኝ። በተከፈተው በር የኮምፒውተሩ ድምፅ ይሰማል። እንኳን ደስ አላችሁ አላልኩም። ቁጭ አልኩ። እናቴ እኔንም አጎረሰችኝ፤ ሁለተኛ ሆኜ።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ሙሉቀን የመጣው አንድ መፍቻ ብቻ ይዞ ነው። ማሽኑን አልነካውም። ሰብለን ሲጠይቃት ነው ያረፈደው፤ ሲጠፋ ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን ትሠሪ ነበር፣ ማን ነበር ቤት ውስጥ። ቀጥሎ፣ «በሉ እንደ ወትሯችሁ ሥሩ፣ እኔ እዚህ ጥግ ቁጭ እላለሁ» አለ። ማሽኑ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስላደረ ያለ ምንም ችግር ተነሳ። ሰብለ ሬንደሩን አስጀምራ፣ እሱ እስኪጨርስ በኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ስለማይሠራ፣ እንደ ልማዷ ወደ ማድ ቤት ወጣች። ያኔ እናቴ ገባች። እንግዳ ሰው ክፍሉ ውስጥ አየች። ከወንበሩ ላይ ዳንቴሉን አንስታ፣ እኔ መፍቻ የደረደርኩበትን ያንኑ ዳንቴል፣ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ጀርባው አለበሰችው። ዳንቴል ስላችሁ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ከስሩ ወፍራም ገበር ሰፍታበታለች። የኮምፒውተሩ ሙቀት የሚወጣው ደግሞ በላይና በጀርባ ነው።

ሙሉቀን «እትዬ፣ ለምንድን ነው የሚሸፍኑት?» ብሎ ጠየቃት።

«ዓይን እንዳይገባው ነዋ ልጄ» አለችው እናቴ። «ጎረቤቱ ይገባል ይወጣል፤ ሁሉም ይቺ ልጅ በዚህ ዕቃ ሰው ሆነች ይላል። አንተንም ክፉ ነህ ብዬ አይደለም፤ እንግዳ ስለሆንክ ነው።»

አልከለከላትም። ቆይቶ እጁን ከዳንቴሉ ስር ሲያስገባ እሳት ሆኗል። ስክሪኑ ላይ ቀዩ መስመር ብቅ ሲል ዳንቴሉን ገፈፈው፣ ጎኑን ከፈተው፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቬንቲሌተር አዞረበት። መስመሩ ጠፋ። ፎቶ ብቻ ስትሠራ ማሽኑ ብዙም ስለማይሞቅ ዳንቴሉ አልጎዳውም ነበር፤ ቪዲዮው ግን ለሰዓታት ያቃጥለዋል። ሰብለም ዳንቴሉን ሁሌ ስለምታየው፣ ብታየውም ልብ አላለችውም። አለቀ። ይኸው ነው በሽታው።

«እኔ ሦስት ቀን ስመላለስ ታዲያ ለምን አላየሁትም?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

እናቴ ሳቀችና ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። «አንተ ስትመጣማ ሮጬ አወልቀዋለሁ። ልጄ ደግሞ ምን ዓይን አለውና ነው የምሸፍነው?»

አያችሁ? ለባዳው ሸፈነችው፣ ስለዚህ በሽታውን አየ። እኔን ስላመነችኝ ገለጠችልኝ፣ ስለዚህ ሳላይ ቀረሁ። ልብ ቢኖረኝ ያን ጊዜ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነው። ሙሉቀን ደግሞ ጭራሽ፣ ደመላሽ ፔስቱን ባይቀይረው ኖሮ ካርዱ እስካሁን ተቃጥሎ ነበር ብሎ አመሰገነኝ። ከስድብ በላይ አንገበገበኝ። የእኔን ምስጋና እንኳ የሚሰጠኝ እሱ ሆነ።

በልቶ ሲነሳ እናቴና ሰብለ ሊሸኙት ወጡ። እኔ መፍቻዎቼን ልሰብስብ ብዬ ቀረሁ።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ስክሪኑ ሰማንያ ሁለት በመቶ ይላል። የኮምፒውተሩ ጎን ክፍት ነው። ከደጅ እናቴ ሙሉቀንን ስትመርቀው ይሰማኛል፤ «የወለደችህ ማሕፀን ትባረክ» ትላለች። ይቺን ምርቃት እኔ ሰምቻት አላውቅም። ለእኔ የወለደችኝ እሷ ስለሆነች ምን ብላ ትመርቀኛለች፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ለካርዱ መብራት የሚያደርሰው ጥቁር ገመድ መሰኪያው ላይ ትንሽ ጥርስ አለችው። ጥርሷን በጣት ካልጫኗት ገመዱ ቢጎትቱት አይወጣም፤ በራሱ አይላላም። ይህን በማርቆስ ከእኔና ከሙሉቀን በላይ የሚያውቅ የለም። ተጫንኳት። ገመዱን እስከ ግማሹ ሳብኩት። ስክሪኑ ጥቁር አለ።

የራሴ እጅ ነው፤ እያየሁት ነው የሠራው። ወዲያው ወደ በሩ ሄጄ፣ «ሰብለ፣ ጠፋ!» ብዬ ተጣራሁ።

እየሮጠች መጣች። ጥቁሩን ስክሪን ስታይ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቁጭ አለች፤ አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ ትወዛወዛለች። እናቴ ተከትላ ገባች። ሙሉቀን ከግቢው በር ተመለሰ። እኔም፣ «አላልኩም? ካርዱ ሞቷል ብያለሁ» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሙሉቀን ተንበርክኮ ውስጡን አየ። እጁ ገመዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥርሷን በጣቱ ዳሰሳት። ቀስ ብሎ ቀና አለና ፊቴን አየኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እሱ እጄን አወቀ፣ ማወቁንም እኔ አወቅሁ።  አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ጎኑን ስከፍት ገመዱን ነክቼው ላልቶ ነበር ማለት ነው። ይቅርታ ሰብለ።»

ሰካው። ማሽኑ ተነሳ። ሬንደሩ ግን ከዜሮ መጀመር ነበረበት። ሰብለ ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ዞረና፣ «ሱቅህን ዘግተህ የመጣኸው ይሄን ልታደርገኝ ነው? ወንድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈታ ሲገጥም አንድ ገመድ አላላላብኝም!» አለችው። አቀርቅሮ ሰማት። እናቴ ምንም አላለችውም። ዳንቴሉን ከወንበሩ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችውና፣ «እኔ እኮ ዓይን ነው ብያለሁ» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። ስትናገር ግን የምታየው ሙሉቀንን ነበር።

ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሙሉቀን ሰማ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ፤ ማንም አልሸኘውም። እኔም አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

ቪዲዮው አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። እሑድ ቅልቅሉ ላይ ታየ። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም የሚታይበት ቦታ ላይ አዳራሹ ሙሉ አፍንጫውን ጠረገ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር፤ ሰብለን እዚያው ሥራው የአንቺ ነው አላት። ቀጥሎ ማርቆስ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት መሆኑን ነግሯት፣ ኮምፒውተሮቹን የሚይዝለት የሚታመን ባለሙያ ጠየቃት። ሰብለ ክንዴን ይዛ ወደ እሱ አቀረበችኝ። «ወንድሜ አለልህ። ሙሉቀን የሚባል አለ ይሉሃል፣ እሱ እጁ ግድ የለሽ ነው» አለችው። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት የሰፈራችን ሴት ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ያ የማዶው ልጅ ዓይኑ ከባድ ነው አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ወሬው ከቅዳሜ እስከ እሑድ ተዳረሰ፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀበት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ሁሉ በአንድ ሳህን ቀረበልኝ። ሥራው የእኔ፣ ስሙ የእኔ፣ ማዶው ባዶ። «እኔ እንጃ» አልኳቸው ለሴትዮዋ። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ የሰሙት ውሸት ነው ማለት ስችል፣ እኔ እንጃ። ፊቴ ያለውን ምግብ አንድ ጉርሻ መዋጥ አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት አስፋልቱን ተሻገርኩ። ከምርቃቱ ቀን ወዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም ነበር። ሙሉቀን አንድ ላፕቶፕ ከፍቶ ብቻውን ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና ወንበር አመለከተኝ። አልተቀመጥኩም።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

መፍቻውን አስቀመጠ። 

«እናትህ እዚያ ቆመው ነበር» አለኝ። «ልጄ ምን ዓይን አለው ሲሉ ገና መስማቴ ነበር። እኔ ባዳ ነኝ፤ እኔን ቢጠረጥሩ ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አንተን ቢያውቁ ግን አይወስዳቸውም።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፣ የመታኝም አለ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ያለ ምት ግን አላረፈብኝም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ በገበያው መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ። እሱም ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገልኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሙሉቀን እንዳልናገር ለምኖኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። እሱ የእናቴን እንቅልፍ አሰበላት፣ እኔ ግን በእሱ ስም ላይ ተኝታ እንድታድር መተው አልቻልኩም። እናቴንና ሰብለን አስቀምጬ ከመሰኪያው ጥርስ እስከ ገመዱ፣ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሰብለ መጀመሪያ የቀልድ መሰላት። ሲገባት ስልኳን አንስታ ተነሳችና ለፎቶ ቤቱ ባለቤት እዚያው ፊቴ ደወለችለት፤ ግድ የለሹ እጅ የወንድሜ ነው፣ ሥራውን ለሙሉቀን ስጠው አለችው። ከዚያ ሙሉቀን ሱቅ ድረስ ሄዳ ጉልበቱን ልትስም ስትጎነበስ ያዛት አሉ። እኔን ለሁለት ወር አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

እናቴ ግን ክሯን ስትተበትብ ነበር፤ ቆም አለች፣ እንደገና ቀጠለች። በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤት ጎረቤቱን ዞራ፣ ያ ልጅ ንጹሕ ነው፣ በእኔ አፍ ነው የታማው እያለች የሙሉቀንን ስም መለሰች። በማን ምክንያት እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም። እስካሁን እየሸፈነችኝ ነው።

ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሰውን እጠይቃለሁ፤ የት ነው የምታስቀምጡት፣ ምን ታለብሱታላችሁ፣ ማን አለ ቤት ውስጥ እላለሁ። ያቃተኝን ራሴ ተሸክሜ አስፋልቱን እሻገራለሁ። ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ካላችሁ አልዋሻችሁም፤ ሙሉቀን በር ላይ ሦስት ሰው ተሰልፎ ሳይ ዛሬም ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቆነጥጠኛል። ልዩነቱ አሁን ስሙን አውቀዋለሁ። እናንተም ሥራችሁን ትታችሁ የምትጠብቁት የማዶ በር ካለ፣ እጃችሁ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ዞር በሉ። እኔን ያየ ይቀጣ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከነገርኳቸው በኋላ በነበረው እሑድ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ሳመችኝ። እንደ ድሮዋም «ቆይ» ብላ ከእኔ ቀድማ ወደ ክፍሉ ገባች። ተከትዬ ስገባ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ሥራ አልነበረም። እናቴ ዳንቴሉን ከወንበሩ አንስታ ስታለብሰው ደረስኩ። ጫፉን በእጇ እያስተካከለች ቆየች፤ ዞራ አላየችኝም።

ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው። ሙሉቀን ሲመጣ አታለብሰውም። እኔ ስመጣ ግን፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ትመርቀኛለች፣ ስሄድ እስከ ግቢው በር ትሸኘኛለች፤ ዳንቴሉንም ታለብሳለች።